የቀይ መብራት ካሜራን መቃወም፦ ለእናንተ ከተማ የሚያዋጣው መንገድ የትኛው ነው?

በአሜሪካ ከተሞች መስቀለኛ መንገድ ላይ የቀይ መብራት ካሜራ፣ ማለትም ቀይ በርቶ ሳለ የሚያልፍን መኪና ቀርጾ ቅጣት የሚያስልክ ካሜራ፣ በተተከለ ቁጥር ነዋሪው ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወገን ሰው ከሚሞት ሹፌር ቢቀጣ ይሻላል ይላል። ሌላው ከተማው በደኅንነት ስም ኪሳችንን እየበረበረ ነው ይላል። ሁለቱም የየራሳቸው እውነት አላቸው። እኔ ካሜራ ሁሉ ተነቅሎ ይጣል ከሚሉት ወገን አይደለሁም። ይሁን እንጂ ቢጫው ባጠረ መብራት ላይ ተተክሎ፣ የሚሰበስበው ገንዘብ በውል ለኩባንያ እየተቆረሰለት፣ የቀን ገቢውን ከመሪው ጀርባ ተቀምጦ የሚያገኘውን ሰው የሚያስለቅስ ካሜራ መቃወም ተገቢ ብቻ ሳይሆን የዜግነት ግዴታ ነው ብዬ አምናለሁ።

ጥያቄው እንዴት እንቃወም የሚለው ነው። በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ በሲያትል፣ በዳላስና በአትላንታ ታክሲና ኡበር እየነዱ ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ ብዙ ወገኖቻችን የሚያውቁት አንድ መንገድ ብቻ ነው፤ ይኸውም ቅጣቱን እየተራገሙ መክፈል። ከዚያ ውጭ ግን አምስት መንገዶች አሉ፤ ሁሉም በአሜሪካ ተሞክረዋል፣ አንዳንዶቹ ተሳክተዋል፣ አንዳንዶቹ ደግሞ አሸንፈው ሳለ ተሸንፈዋል። አንዱን ከሌላው እያነጻጸርኩ አቀርባለሁ። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ማስረጃውን እወቁ

ተቃዋሚ ሆኖ ወደ ስብሰባ የሚገባ ሰው የሌላውን ወገን ጠንካራ ነጥብ ካላወቀ በሦስት ደቂቃ ውስጥ ይረታል። የዚያ ወገን ጠንካራ ነጥብ ሞት ነው። በቅርብ ዓመታት በአሜሪካ ቀይ መብራት በመጣስ ምክንያት በየዓመቱ ከ1,000 በላይ ሰዎች ይሞታሉ። ከእነዚህም ግማሽ ያህሉ ጥሰቱን የፈጸሙት ሹፌሮች አይደሉም፤ እግረኞች፣ ብስክሌተኞች፣ ተሳፋሪዎችና አረንጓዴ በርቶላቸው በሕጋዊ መንገድ ሲያልፉ የነበሩ ሰዎች ናቸው። የመኪና መድን ኩባንያዎች በገንዘብ የሚደግፉት የአውራ ጎዳና ደኅንነት ተቋም በ2016 ባወጣው ጥናት ካሜራቸውን ያጠፉ 14 ከተሞችን ካላጠፉት ጋር አነጻጽሮ፣ ባጠፉት ዘንድ ቀይ በመጣስ የሚደርሰው ገዳይ አደጋ ካሜራው ቢቀጥል ኖሮ ይጠበቅ ከነበረው 30 በመቶ በልጦ አግኝቶታል።

በሌላ በኩል የፌዴራል አውራ ጎዳና አስተዳደር በ2005 ያወጣው ጥናት የካሜራውን ሁለት ፊት ያሳያል። ከጎን የሚደርሰው ግጭት 25 በመቶ ገደማ ሲቀንስ፣ ከኋላ የሚደርሰው 15 በመቶ ገደማ ጨምሯል፤ ሹፌሩ ካሜራውን ፈርቶ ድንገት ፍሬን ሲይዝ የኋላው መኪና ይገባበታልና። በሂውስተን ካሜራዎቹ ከመነሣታቸው በፊትና በኋላ የነበሩትን አደጋዎች የመረመሩ ሁለት የኢኮኖሚ ተመራማሪዎችም የግጭቱ ዓይነት መቀየሩን እንጂ አጠቃላይ የአደጋው ወይም የጉዳተኛው ቁጥር በካሜራው ምክንያት መቀነሱን የሚያሳይ ማስረጃ አላገኙም።

ስለዚህ «ካሜራ ምንም አይጠቅምም» ብላችሁ አትነሡ፤ ከጎን የሚመጣ ግጭት ከኋላ ከሚመጣው ይልቅ ገዳይ መሆኑን የሚያውቅ የምክር ቤት አባል በቀላሉ ይመልሳችኋል። የምትቃወሙትን ነጥሉ። የግል ቅጣታችሁ ነው? የገንዘቡ አሰባሰብ ነው? የመብራቱ አቀማመጥ ነው? ወይስ በማሽን መቀጣትን ራሱን ነው? መንገዱን የሚመርጥላችሁ የዚህ ጥያቄ መልስ ነው።

የትኛውንም መንገድ ብትመርጡ ቢጫውን ለኩ

ይህን ከአምስቱ በፊት ያስቀደምኩት ያለ ምክንያት አይደለም። በካሜራ ክርክር ውስጥ ባለሥልጣኑም፣ ኩባንያውም፣ ነዋሪውም ሊክደው የማይችል አንድ ነገር ቢኖር የቢጫው መብራት ርዝመት ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። በአሜሪካ የትራፊክ ምልክቶች ብሔራዊ መመሪያ መሠረት ቢጫ ከ3 እስከ 6 ሰከንድ መቆየት ይኖርበታል። በመካከል ያለውን ልክ መሐንዲሶች የሚያሰሉት ለሹፌሩ አእምሮ 1 ሰከንድ ሰጥተው፣ ከዚያ መኪናው በሚጓዝበት ፍጥነት ሳይንገጫገጭ ለመቆም የሚያስፈልገውን ጊዜ በመጨመር ነው። ሜዳ በሆነ መንገድ ላይ በሰዓት 30 ማይል ለሚነዳ 3.2 ሰከንድ፣ ለ35 ማይል 3.6፣ ለ45 ማይል 4.3 ሰከንድ ገደማ ይወጣል። ቁልቁለት ከሆነ ይረዝማል። በስልካችሁ ቪዲዮ ቅረጹ፤ ደግማችሁ ደጋግማችሁ ቅረጹ፤ ቢጫው ከበራበት እስከ ጠፋበት ያለውን ቁጠሩ። በብዙ ከተሞች ቢጫው የቆየበት ጊዜ በራሱ በቅጣት ወረቀቱ ላይ ይታተማል።

ይህ ትንሽ ቁጥር ምን ያህል እንደሚያናጋ ቺካጎ ምስክር ናት። በ2014 የከተማዋ ዋና ኢንስፔክተር ባደረገው ማጣራት ቢጫው ከ3 ሰከንድ በታች ሆኖ እያለ ወደ 77,000 የሚጠጉ ቅጣቶች መላካቸውና ይህም ወደ 8 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ መሆኑ ታወቀ። በሹፌሮቹ ወረቀት ላይ የታተመው ጊዜ 2.9 ሰከንድ ነበር። አንድ አሥረኛ ሰከንድ!

ጆርጂያ ደግሞ ጉዳዩን በሕግ ያዘችው። ከ2009 ጀምሮ ካሜራ ባለበት መስቀለኛ መንገድ ሁሉ ቢጫው ላይ አንድ ሰከንድ እንዲጨመር የግዛቲቱ ሕግ አዘዘ። ጥሰቱ እጅግ ወረደ፣ ገቢውም አብሮ ወረደ፣ በአትላንታ ዙሪያ ያሉ በርካታ ከተሞች ካሜራውን በገዛ ፈቃዳቸው አነሡት። ይህን ታሪክ የሰማ ሰው ካሜራው ለደኅንነት ነበር ወይስ ለገቢ ብሎ ቢጠይቅ ይፈረድበታል? ይሁንና ሚዛናዊ ለመሆን የፊላደልፊያውንም እናንሣ። በዚያ ቢጫው በአንድ ሰከንድ ያህል ሲረዝም ጥሰቱ በ36 በመቶ ቀነሰ፤ ከዚያ ላይ ካሜራ ሲጨመር ከቀረው ጥሰት 96 በመቶው ጠፋ። እንግዲህ ቢጫውን ማስተካከል የመጀመሪያው እርምጃ ነው፤ ካሜራው መምጣት ካለበትም ከዚያ በኋላ ነው።

በኦሪገን ግዛት በቢቨርተን ከተማ ባለቤቱ በካሜራ የተቀጣችበት አንድ የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያ የቢጫውን ጊዜ ማስያ ቀመር ራሱን ጥያቄ ውስጥ አስገባ፤ ለሚታጠፍ መኪና ጊዜው አይበቃም አለ። የግዛቲቱ የመሐንዲሶች ቦርድ ያለ ፈቃድ የምሕንድስና ሥራ ሠርተሃል ብሎ 500 ዶላር ቀጣው። ሰውየው በፌዴራል ፍርድ ቤት ተሟግቶ በ2018 ረታ፤ በ2020 ደግሞ የትራንስፖርት መሐንዲሶች ማኅበር ለሚታጠፉ መኪኖች የሚሆን ስሌት የጨመረበትን አዲስ መመሪያ አወጣ። ከአንድ የቅጣት ወረቀት ተነሥቶ የአገር መመሪያ ያስለወጠ ተቃውሞ ነው። እዚያ ያደረሰው ጩኸት አይደለም፤ ስሌት ነው።

አንደኛው መንገድ፦ የራስን ቅጣት መሟገት

ፈጣንና ርካሽ ነው፤ ግን የሚያድነው ራሳችሁን ብቻ ነው። ቪዲዮውን ሳታዩ አትክፈሉ። ታርጋው የእናንተ ነው? መኪናውን ሸጣችሁ ነበር? በዚያን ጊዜ የሚነዳው ሌላ ሰው ነበር? መብራቱ ቀይ ከሆነ በኋላ ስንት ሰከንድ ቆይታችሁ መስመሩን አለፋችሁ?

መልሱ የሚጠቅማችሁ እንደ ግዛቱ ነው። በቨርጂንያ ሕግ ካሜራው ቅጣት መመዝገብ የሚችለው መብራቱ ቀይ ከሆነ ቢያንስ ግማሽ ሰከንድ ካለፈ በኋላ ብቻ ነው፤ ቅጣቱም ከ50 ዶላር አይበልጥም፤ ባለመኪናው እኔ አልነዳሁም ብሎ በመሐላ ቃል ማስተባበል ይችላል። በዋሽንግተን ዲሲ ቅጣቱ 150 ዶላር ነው። በካሊፎርኒያ ነባር ሕግ ደግሞ ተቀጪው ሹፌሩ ራሱ ሆኖ በመንጃ ፈቃዱ ላይ ነጥብ ይያዝበታል፤ ስለዚህ እዚያ መሟገት የሚያስገኘው ጥቅም ከሌላው ቦታ ይበልጣል።

ለዲሲ አንባቢዎች አንድ ነገር ልጨምር። በከተማዋ የ2004 የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሠረት መሥሪያ ቤቶች አማርኛ ለሚናገሩ ሰዎች አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። በእንግሊዝኛ ጉዳያችሁን በሙሉ ልብ ማስረዳት ካልቻላችሁ በእጅ ምልክት አትሟገቱ፤ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ መብታችሁ ነው።

ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ጥሎ መርሳት ግን ተቃውሞ አይደለም። ጊዜው ያለፈበት ቅጣት የተደራረበበት መኪና በዲሲ ጎማው ይታሰራል። ሜሪላንድና ቨርጂንያ የሚኖሩ ብዙ ሰዎች «የሌላ ግዛት ታርጋ ስለሆነ ምንም አያመጡም» ይሉ ነበር፤ በ2024 የወጣው የዲሲ ሕግ ግን ከተማው ከሌላ ግዛት የመጡ አጥፊ ሹፌሮችን በፍርድ ቤት እንዲከስስ ሥልጣን ሰጥቶታል፤ ክሶችም ተጀምረዋል።

ሁለተኛው መንገድ፦ ፊርማ ሰብስቦ ለሕዝብ ድምፅ ማቅረብ

በጣም የሚያጓጓው ይህ ነው፤ ሕዝብ በቀጥታ ይፈርዳል፤ ተቃዋሚዎችም አብዛኛውን ጊዜ ያሸንፋሉ። ሆኖም ከድምፁ በኋላ የሚመጣውን ካላሰባችሁበት ድሉ በእጃችሁ ላይ ይፈርሳል።

ሂውስተንን ተመልከቱ። ካሜራዎቹ በ2006 ገቡ። በኅዳር 2010 ነዋሪው ድምፅ ሰጥቶ፣ የካሜራው ኩባንያ ዘመቻውን በገንዘብ ደግፎ ቢከራከርም፣ 53 በመቶ ያህሉ ይነሡ አለ፤ ከተማው አጠፋቸው። ኩባንያው ግን ውል በእጁ ነበረ። በ2011 አንድ የፌዴራል ዳኛ ድምፁ በተገቢው ሥርዓትና ጊዜ አልቀረበም ብለው ዋጋ አሳጡት፤ ካሜራዎቹም በሐምሌ እንደገና በሩ። ሕዝቡ ተቆጣ። ምክር ቤቱ በነሐሴ ራሱ ሽሮ ካሜራዎቹን አስነሣ፤ ከተማውም ከኩባንያው ጋር በ4.8 ሚሊዮን ዶላር ተስማማ። ከዚህ የሚወሰደው ቁም ነገር ግልጽ ነው፦ ፊርማ ከማሰባሰባችሁ በፊት ሁለት ወረቀት አንብቡ። አንደኛው የከተማው ቻርተር፣ ማለትም ከተማው የሚተዳደርበት መሠረታዊ ሕግ ነው፤ የምክር ቤትን ደንብ በሕዝብ ድምፅ ለመሻር ቀነ ገደቡ ብዙ ጊዜ እጅግ አጭር ነውና። ሁለተኛው ከኩባንያው ጋር የተፈረመው ውል ነው።

ሲንሲናቲ በተቃራኒው በ2008 ካሜራው ሳይተከል በፊት የከተማዋን ቻርተር በሕዝብ ድምፅ አሻሽላ ከለከለችው። ያልተፈረመ ውል ካሣ አያስከፍልም። በቴክሳስ አርሊንግተንም በግንቦት 2015 መራጮች በተመሳሳይ የቻርተር ማሻሻያ ካሜራውን አስወገዱ። ቻርተር ማሻሻል ብዙ ፊርማ ይጠይቃል፤ ግን የምክር ቤትን ደንብ ለመሻር ከመሞከር ይልቅ ጸንቶ ይቆማል።

በዋሽንግተን ግዛት የምትገኘው ሙኪልቲዮ ደግሞ ሌላ ነገር ታስተምራለች። በ2010 ከአሥር ሰዎች ሰባቱ ያህል ካሜራን ተቃውመው ድምፅ ሰጡ። ምክር ቤቱም ድምፁን አክብሮ ዕቅዱን ተወ። ሆኖም የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2012 በአምስት ለአራት ድምፅ ሲወስን፣ የግዛቲቱ ሕግ ስለ ካሜራ የመወሰን ሥልጣን የሰጠው ለከተማ ምክር ቤቶች ስለሆነ በሕዝብ ፊርማ የሚቀርብ ውሳኔ ሥልጣን የለውም አለ። በሲያትልና በአካባቢው ለምትኖሩ ይህ ማለት የፊርማ ዘመቻ ምክር ቤቱን ለማስጨነቅ እንጂ ለማስገደድ አይጠቅማችሁም ማለት ነው።

ሌላም አለ። በእንዲህ ያለው ማመልከቻ ላይ የሚቆጠረው የተመዘገበ መራጭ ፊርማ ነው። ግሪን ካርድ ይዞ የሚኖር ወገናችን መፈረም አይችልም፤ በስህተት ቢፈርም ደግሞ ጣጣው ለራሱ ሊተርፍ ይችላል። ሜሪላንድ ውስጥ እንዳለችው ታኮማ ፓርክ ዜጋ ያልሆነ ነዋሪ በከተማው ምርጫ የሚሳተፍባቸው ቦታዎች ጥቂት ናቸው። በምክር ቤት ስብሰባ መናገር ግን ዜግነት አይጠይቅም። ይህም ወደሚቀጥለው መንገድ ይወስደናል።

ሦስተኛው መንገድ፦ ውሉ ሲያልቅ ምክር ቤቱን መያዝ

ከሁሉ የምመርጠው ይህን ነው። ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ዝና የለውም፤ በአንድ ሌሊት አያልቅም። ግን ጠበቃ አያስፈልገውም፣ ዜጋውንም ነዋሪውንም እኩል ያሳትፋል፣ ሲሳካም ካሣ የሚጠይቅ ኩባንያ አያስከትልም።

ካሜራዎቹ የከተማው ንብረት የሆኑበት ቦታ ጥቂት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ኩባንያ ይተክላል፣ ይጠግናል፣ ሥዕሉን ይለያል፤ ከተማው ይከፍለዋል። ውሉ ለተወሰኑ ዓመታት ነው። የሚያበቃበትን ቀን ካወቃችሁ ምክር ቤቱ እጁ ያልታሰረበትን ሰዓት አወቃችሁ ማለት ነው። በመረጃ ነፃነት ሕግ መሠረት ከከተማው ጸሐፊ ቢሮ የሚከተሉትን በጽሑፍ ጠይቁ፦ ውሉንና ማሻሻያዎቹን፤ ለኩባንያው የሚከፈለው በወር ነው ወይስ በቅጣት ቁጥር የሚለውን፤ ካሜራ ከመተከሉ በፊትና በኋላ በየመስቀለኛ መንገዱ የደረሰውን የአደጋ መዝገብ፤ የቢጫውን ጊዜ የሚያሳየውን ሰነድ፤ ከቅጣቶቹ ውስጥ ስንቱ ቀይ መብራት ላይ ሙሉ በሙሉ ሳይቆሙ ወደ ቀኝ በመታጠፍ የመጡ መሆናቸውን።

የመጨረሻው ጥያቄ ሳይታሰብ ብዙ ያወጣል። ሰው የሚገድለው በአብዛኛው በቀጥታ በፍጥነት የሚያልፈው ነው። ከቅጣቱ አብዛኛው ቀስ ብሎ ወደ ቀኝ ከታጠፈ ሹፌር የሚሰበሰብ ከሆነ ግን ካሜራው ከሞት ይልቅ ገንዘብን እያሳደደ ነው። እዚህ ላይ ካሜራው ይነሣ ከማለት ይልቅ የቀኝ መታጠፊያው ቅጣት ይቅር የሚል ጥያቄ ሊያሸንፍ ይችላል፤ የምክር ቤት አባላት መካከለኛ መንገድ ሲቀርብላቸው ደስ ይላቸዋል። ይህን የምለው እግረኛው የሚሻገርበትን የቀኝ መታጠፊያ አቃልዬ አይደለም፤ ትምህርት ቤት ወይም የአውቶቡስ ፌርማታ አጠገብ ከሆነ ጥያቄውን ተዉት።

ሎስ አንጀለስ ካሜራዎቿን በ2011 ያጠፋችው በሕዝብ ድምፅ አልነበረም። ቅጣቱ ከ400 ዶላር በላይ ነበር፤ ፍርድ ቤቶቹ ግን ያልከፈለውን ሰው አጥብቀው አይከታተሉም ነበር፤ በዚህም ምክንያት ፕሮግራሙ ለከተማዋ ኪሳራ ሆነ። የኩባንያው ውል ሊያልቅ ሲል የፖሊስ ኮሚሽኑ አይታደስ አለ፤ ምክር ቤቱም ተስማማ። የደኅንነት ክርክሩ ተንጠልጥሎ ሳለ ሒሳቡ ወሰነ።

የውል ጉዳይ ሲነሣ ቺካጎን አለመጥቀስ አይቻልም። በ2003 የጀመረው ፕሮግራም በአገሪቱ ካሉት ትልቁ ለመሆን በቅቶ ነበር። ጋዜጠኞች ከ2012 ጀምሮ ባወጡት ዘገባ ኩባንያው ሬድፍሌክስ ፕሮግራሙን ለሚቆጣጠረው የከተማ ባለሥልጣን ጉቦ ይሰጥ እንደነበር ተጋለጠ። ባለሥልጣኑ በ2016 የ10 ዓመት እስራት ተፈረደበት፤ የቀድሞዋ የኩባንያው ዋና ሥራ አስፈጻሚም 30 ወር ተፈረደባት፤ ኩባንያው በ2017 ለከተማው 20 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። የምክር ቤት አባል «ስለ ውሉ ለምን ትጠይቃላችሁ?» ካላችሁ መልሳችሁ ይኸው ነው።

በስብሰባው ላይ የሚሰጣችሁ ጊዜ ብዙውን ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ነው። አሥር ሰው መጥቶ አሥር ጊዜ አንድ ዓይነት ምሬት ከሚናገር አንዱ ስለ ቢጫው፣ አንዱ ስለ ውሉ፣ አንዱ ስለ አደጋው መዝገብ ቢናገር ይሻላል። የምትፈልጉትንም በጽሑፍ አቅርቡ። «ይነሣልን» ብቻ አትበሉ፤ በምን ይተካ ለሚለው መልስ ይኑራችሁ። ቢጫው ይስተካከል፤ ሁሉም አቅጣጫ ለአንድ አፍታ ቀይ የሚሆንበት ጊዜ ይጨመር፤ መብራቱ በዛፍ ከተሸፈነ ይገለጥ፤ ቦታው ከፈቀደ መስቀለኛ መንገዱ አደባባይ ይሁን። መብራት የነበረባቸው መስቀለኛ መንገዶች ወደ አደባባይ ሲቀየሩ ሰው የሚጎዳበት አደጋ ከ70 በመቶ በላይ እንደሚቀንስ የአሜሪካ ጥናቶች አሳይተዋል። አዲስ አበባ ያደገ ሰው አደባባይ ሲጨናነቅ ምን እንደሚመስል ስለሚያውቅ ይህን ሲሰማ ፊቱን ሊያጨማድድ ይችላል፤ ነገር ግን አደባባይ መኪናን ያዘገያል እንጂ በሰባና በሰማንያ ፍጥነት ከጎን አያላትምም።

አራተኛው፦ ፍርድ ቤት

ውድ ነው፤ ዓመታት ይፈጃል፤ ሲሳካ ግን ያናውጣል። በሚዙሪ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2015 የሴንት ሉዊስን ደንብ የሻረው ባለመኪናው «ሹፌሩ እኔ አልነበርኩም» ብሎ እንዲያስረዳ ሸክሙን ስለጫነበት ነው፤ ማስረዳት ያለበት ከሳሽ ነውና። በሚኒሶታም በ2007 የሚኒያፖሊስ ደንብ ከግዛቱ ሕግ ጋር ይጋጫል ተብሎ ወደቀ። በፍሎሪዳ ግን ተቃዋሚዎች ኩባንያው የፖሊስን ሥራ እየሠራ ነው ብለው ተከራክረው በ2018 በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ተረቱ።

ከዚህ ይልቅ የሚያዋጣው ጠበብ ያለ ክስ ነው። በቺካጎ ሹፌሮች ተባብረው ያቀረቡት ክስ ካሜራውን አልነካም፤ ከተማው በራሱ ደንብ መሠረት ሁለተኛ ማስጠንቀቂያ ሳይልክ መቀጮ ጨምሯል አሉ እንጂ። ከተማዋ በ2017 በ38.75 ሚሊዮን ዶላር ተስማማች። በኒው ጀርሲም በ2014 በኮምፒውተር ብልሽት ማስታወቂያቸው ለባለመኪኖቹ ያልደረሰ 17,000 ያህል ቅጣቶች ተሰርዘዋል። ከተማው የራሱን ሥርዓት መጣሱን የሚያሳይ ወረቀት ካላችሁ ጠበቃ ፈልጉ። «መብቴ ተነካ» የሚል ስሜት ብቻ ከሆነ ያላችሁ ግን ገንዘባችሁን ቆጥቡ።

አምስተኛው፦ የግዛቱ ሕግ አውጪ

ከሁሉ ሰፊውና ጽኑው ነው፤ ለተራ ነዋሪ ደግሞ ከሁሉ የራቀው። ቴክሳስ በሰኔ 2019 የቀይ መብራት ካሜራን በመላ ግዛቲቱ ከለከለች። ያም ሆኖ ውላቸው ማቋረጫ ያልነበረው እንደ ሊዮን ቫሊ ያሉ ትንንሽ ከተሞች ውሉ እስኪያልቅ እንዲቀጥሉ ተፈቀደላቸው፤ ውል እንደገና!

ሕጉ ማብቂያ ቀን የተቆረጠለት ከሆነ ሥራው በእጅጉ ይቀላል። የቨርጂንያ ሕግ በ2005 ሳይታደስ አለፈና ካሜራዎቹ ጠፉ፤ በ2007 ግን በአዲስ ሕግ ተመለሱ። የኒው ጀርሲ የአምስት ዓመት ሙከራ በታኅሣሥ 2014 ሲያበቃ ሕግ አውጪው ዝም አለ፤ ዝምታውም በቂ ሆነ። ስለዚህ የግዛታችሁን ሕግ አንብቡ፤ የሚያበቃበት ቀን ካለው ተወካያችሁን ከዚያ በፊት ባለው ዓመት ያዙ። መከልከልን ብቻ ሳይሆን የጆርጂያ ዓይነት የቢጫ ሕግን ወይም በቅጣት ቁጥር የሚከፈል ውልን የሚያግድ አንቀጽን መጠየቅም ይቻላል፤ ቨርጂንያ ይህን የመጨረሻውን አስቀድማ ጽፋዋለች።

እንግዲህ የቱን እንምረጥ?

ካሜራው ገና ካልተተከለ ጊዜ አታባክኑ፤ ምክር ቤቱ ዘንድ ሂዱ፤ የከተማችሁ ሕግ ከፈቀደም የቻርተር ማሻሻያውን ፊርማ ጎን ለጎን ጀምሩ። ከተተከለና ውሉ ሊያልቅ ሁለት ዓመት ያህል ከቀረው ሰነድ መሰብሰብ አሁን ጀምሩ። ውሉ ገና ረጅም ከሆነ ደግሞ ካሜራውን ለማስነሣት ከመታገል ቢጫውንና የቀኝ መታጠፊያውን ለማስተካከል መታገል ይሻላል፤ እነዚህን ከተማው ውል ሳያፈርስ መለወጥ ይችላልና። ፍርድ ቤቱ የሥርዓት ጥሰት ለያዘ ሰው፣ የግዛቱ ሕግ አውጪ ደግሞ በብዙ ከተሞች ለተደራጀ ማኅበር ይሁን።

በዋሽንግተን አካባቢ ላለን ሰዎች ሁኔታው ለሦስት የተከፈለ ነው። በቨርጂንያ ግማሽ ሰከንዷንና የ50 ዶላሩን ጣሪያ ይዛችሁ ቅጣቱን በግል መሟገት ጥሩ ነው። በሜሪላንድ የካውንቲና የከተማ ምክር ቤቶች ቅርብና የሚደፈሩ ናቸው፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለን ማኅበረሰብ ለሞንትጎመሪ ካውንቲ ምክር ቤት እንግዳ አይደለም። በዲሲ ደግሞ ነገሩ ይወሳሰባል፤ ከከተማው ምክር ቤት በላይ ኮንግረስ አለ፤ በኮንግረስም የዲሲን የትራፊክ ካሜራ የሚከለክሉ ረቂቆች ሲቀርቡ ቆይተዋል። ከሩቅ ግዛት የመጣ እንደራሴ ካሜራውን ቢነቅልልን ለአንድ ቀን እንደሰት ይሆናል፤ ነገር ግን የምንኖርበትን መንገድ እኛ ያልመረጥነው ሰው እንዲወስንልን መጠየቅ ትክክል አይመስለኝም። የዲሲ ነዋሪ ጥያቄውን ይዞ መሄድ ያለበት ወደ ራሱ ቀጠና የምክር ቤት አባል ነው፤ ለመጀመሪያው ቀጠሮም የቤቱ አቅራቢያ ያለውን መስቀለኛ መንገድ ስም፣ በዚያ የተፈቀደውን ፍጥነትና በስልኩ የለካውን የቢጫ ሰከንድ በአንድ ገጽ ጽፎ ቢወስድ ይበቃዋል።